ሌንስ ወይስ የተሻለ ትንሽ ካሜራ? የ15 ዓመት ዳሰሳ ከአሶሳ

የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ገበያ ከተላኩት 121 ሚሊዮን ገደማ ዲጂታል ካሜራዎች 108 ሚሊዮን ያህሉ ሌንሳቸው የማይነቀል፣ ኪስ የሚገቡ ትንንሽ ካሜራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጠቅላላው ቁጥር ወደ 8.5 ሚሊዮን፣ የትንንሾቹ ደግሞ ወደ 1.9 ሚሊዮን ወርዷል። ሌንሳቸው የሚቀያየሩትም እ.ኤ.አ. በ2012 ከደረሱበት የ20 ሚሊዮን ጣሪያ ወደ 6.6 ሚሊዮን ቢያሽቆለቁሉም፣ ዛሬ ገበያውን የያዙት እነሱ ናቸው። አሶሳ ላይ «ያለኝን ትንሽ ካሜራ በተሻለ ልቀይር ወይስ ለትልቁ ሌንስ ልግዛለት?» እያለ ለሚያመነታ ሰው የመልሱ ግማሽ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ።

ትንሹ ካሜራ ዘመኑን የያዘው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት 36 ፎቶ የሚይዝ ፊልም ተገዝቶ፣ ተቆጥቦ ተነስቶ፣ ፎቶ ቤት እስኪታጠብ ይጠበቅ ነበር። ዲጂታሉ የፊልምን ወጪ አስቀረ፤ ውጤቱንም እዚያው አሳየ። አምራቾችም በየዓመቱ ሜጋፒክስል እየጨመሩ አዲስ ሞዴል ያወጡ ስለነበር፣ ካሜራ ማሻሻል ማለት አሮጌውን ጥሎ አዲሱን መግዛት ሆነ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ ዓለም አቀፉ የትንንሽ ካሜራ ሽያጭ ገና ከጣሪያው መውረድ መጀመሩ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ሥፍራውን የጎበኘው ሰው ፎቶውን ያነሳው በአብዛኛው በስልኩ ነው።

ቁልቁለቱን ያመጣው ስልክ ነው። በጠራራ ፀሐይ ለሚነሳ የቤተሰብ ፎቶ ስልክና ርካሽ ዲጂታል ካሜራ ልዩነታቸው ጠበበ፤ ስልኩ ደግሞ ያነሳውን ወዲያው ይልካል። አምራቾች ያገኙት መሸሻ ሴንሰሩን ማሳደግ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አርኤክስ 100 ባለ አንድ ኢንች የሚባለውን ሴንሰር ኪስ በሚገባ አካል ውስጥ አስገባ፤ ስፋቱ የተለመደውን ርካሽ ካሜራ ሴንሰር አራት እጥፍ ያህል ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አይካድም። ችግሩ ዋጋው ሌንስ ወደሚቀየርለት ካሜራ ተጠግቶ ሳለ የሴንሰሩ ስፋት ከዚያኛው ሲሶ ግድም መሆኑ ነው። በቅርብ ዓመታት ትንንሽ ካሜራዎች በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተፈላጊ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 1.7 ሚሊዮን የነበረው ጭነትም በዓመቱ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። እኔ ይህን ከፋሽን አሳልፌ አላየውም።

ለእኛ ሀገር ገዢ ከቴክኖሎጂው ይልቅ የከበደው የምንዛሪው ጉዞ ነው። ካነን የ50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 ሌንሱን አዲስ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጣ ዋጋው 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሪ 2,600 ብር አካባቢ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ዋጋው ሲቀነስ ያው 125 ዶላር 3,400 ብር ገደማ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 7,000 ብርን አልፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት 15,000 ብር ደረሰ። የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ገና አልተነካም። ካሜራን በየሦስት ዓመቱ የመቀየር ልማድ ያከተመለት በዚህ ስሌት ነው።

ሌንስ ግን የሚሰጠው ጥቅም በቁጥር ይታያል። ብዙዎች ከካሜራው ጋር የሚያገኙት ባለ 18–55 ሌንስ ዙሙ 50 አካባቢ ሲደርስ ቀዳዳው 5.6 ላይ ይጠብባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና ባለ 1.8ቱ ከዚያ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ሲመሽ በአንድ አምፖል በሚደምቅ ድንኳን ውስጥ የበርታ ዙምባራ (የቅል መለከት) ነፋሾችን ማንሳት ፈልገህ ካሜራህ ከሰከንድ 1/15ኛ በላይ አልፈጥንም ካለ፣ የሚወዛወዘው ጨፋሪ ሁሉ እንደ ጭስ ይደበዝዛል። ያንኑ ካሜራ ባለ 1.8 ሌንስ አድርግለትና፣ ሌላ ምንም ሳትነካ ወደ 1/125ኛ ትሻገራለህ። የነፋሹ ጉንጭ ተነፍቶ፣ ጣቱ ቅሉ ላይ ጠርቶ ይወጣል። ሰርግና የምረቃ ፎቶ ለሚያነሳ ባለሙያ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከስልክ ቀጥሎ ሁለተኛው ማጠፊያ እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ካነንና ኒኮን ባለ ሙሉ ፍሬም መስታወት አልባ ካሜራቸውን በአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ያወጡት በዚያ ዓመት ነው። የካነን ኢኤፍ መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ፣ የኒኮን ኤፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የኖሩ ናቸውና ብዙዎች አሮጌ ሌንሳቸው ከንቱ የሚቀር መስሏቸው ደነገጡ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ ገጥሞ፣ ፎከሱም ሳይጓደል ይሠራል። ባለቤቶቹ ወደ አዲሱ ሲሻገሩ ያገለገሉት ሌንሶች በርከት ብለው ለሽያጭ ቀረቡ። ትንሹ ካሜራ ይህ ዕድል የለውም፤ ሴንሰሩ ሲያረጅ ሌንሱም አብሮት ይጣላል። ዙሙ ሲወጣና ሲገባ የበጋ አቧራ ይስባል፤ አንዴ ውስጡ ከገባ ደግሞ መፍታት ባለሙያ ይፈልጋል። ለዚያም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራ ያለህ ሰው ገንዘብህን ሌንስ ላይ አውል። ትንሽ ካሜራ ብቻ ያለህ፣ ወደ ባለ አንድ ኢንች ለማሳደግ የምታወጣውን ባገለገለ ካሜራና በአንድ ባለ 50 ሌንስ ላይ ብታውል ይሻልሃል። ከዚህ የማወጣው ብዙ በእግሩ የሚጓዘውንና ትልቅ ካሜራ መሸከም የማይችለውን የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ ኪስ የሚገባው አሁንም ሥራ አለው። ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ ግን ከኋላው የእጅ ባትሪ አብርተህ በፊቱ በኩል ተመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ አሶሳ ክረምቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሌንስ በርካሽም ቢሆን አትውሰደው።