ተጋማሽ እና ኢ-ተጋማሽ ፈንክሽኖች፦ የሂሳብ ሕጉ ለሪፖርት ዝግጅት ያለው ፋይዳ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ ሲጠናቀቅ ዕቅድና ክንውንን የሚያነጻጽር ሪፖርት ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። በሪፖርቱ ላይ አማካይ ልዩነቱ ዜሮ መሆኑ ሲገለጽ ሥራው በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል ከሚል ድምዳሜ ላይ ሊደረስ ይችላል። ይሁንና ድምዳሜው ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። ምክንያቱን በግልጽ የሚያስረዳው የተጋማሽና የኢ-ተጋማሽ ፈንክሽኖች ጽንሰ ሐሳብ ነው።

ፈንክሽን ማለት ለሚቀርብለት ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጥ ሕግ ነው። ሕጉ ለአንድ ቁጥርና ለአሉታዊ አቻው ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ ተጋማሽ ይባላል። ለአብነት ያህል ቁጥርን በራሱ የማባዛት ሕግ ለ3ም ሆነ ለ-3 የሚሰጠው ውጤት 9 ነው። በአንጻሩ የቁጥሩ ምልክት ሲለወጥ የውጤቱ ምልክት ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ፈንክሽኑ ኢ-ተጋማሽ ይባላል። የ2 ኩብ 8፣ የ-2 ኩብ ደግሞ -8 መሆኑ ለዚህ ማሳያ ነው።

ስያሜው ከቁጥሮቹ አርቢ የመነጨ ነው። እንደ 2 እና 4 ያሉ ተጋማሽ አርቢዎች ተጋማሽ ፈንክሽን፣ እንደ 1 እና 3 ያሉት ደግሞ ኢ-ተጋማሽ ፈንክሽን ያስገኛሉ። ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1727 ባዘጋጀው ጽሑፍ በዚሁ ስያሜ ተጠቅሟል።

ሁለቱ ዓይነቶች በግራፍ ሲነደፉም በቀላሉ ይለያሉ። የተጋማሽ ፈንክሽን ግራፍ ወረቀቱ በቋሚው መስመር ላይ ቢታጠፍ ግራና ቀኙ ይገጣጠማል። የኢ-ተጋማሽ ፈንክሽን ግራፍ ደግሞ ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች ቢዞር መልኩን አይለውጥም።

ከቁጥሮች በተለየ ሁኔታ ከሁለቱም ወገን የማይመደቡ በርካታ ፈንክሽኖች አሉ። የአንድን ቁጥር ስኩዌር ከራሱ ከቁጥሩ ጋር የሚደምረው ሕግ ለ2 ውጤቱ 6 ሲሆን ለ-2 ግን 2 ነው። ያም ሆኖ ይህ ሕግ ስኩዌሩ ተጋማሽ፣ ቁጥሩ ራሱ ደግሞ ኢ-ተጋማሽ የሆኑ ሁለት ክፍሎች ድምር ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ተግባራዊ ጠቀሜታ በኤሌክትሪክ አገልግሎት ላይ ይታያል። በአገራችን በየቤቱ የሚደርሰው ተለዋዋጭ ኃይል በሰከንድ 50 ዙር የሚያጠናቅቅ ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር አዎንታዊውና አሉታዊው ግማሽ ስለሚጣፉ አማካዩ ዜሮ ነው። ይሁን እንጂ ምጣዱ ይግላል። ሙቀቱ የሚወሰነው በኤሌክትሪኩ ስኩዌር በመሆኑ አሉታዊው ግማሽም እንደ አዎንታዊው ሙቀት ይሰጣል። 220 ቮልት የሚባለው መጠንም የሚገኘው የስኩዌሮቹ አማካይ ስኩዌር ሩት ተወስዶ ነው።

ይኸው ስሌት ለበጀት ክትትልም ያገለግላል። ለእያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን ብር ከተያዘላቸው ሁለት ፕሮጀክቶች አንዱ 8 ሚሊዮን፣ ሌላው 12 ሚሊዮን ብር ቢጠቀሙ ልዩነቶቹ -2 እና 2 በመሆናቸው ድምራቸው ዜሮ ይሆናል። ስኩዌራቸው ግን 4 እና 4፣ አማካዩ 4፣ የዚህም ስኩዌር ሩት 2 ነው። ይኸውም ፕሮጀክቶቹ በአማካይ በ2 ሚሊዮን ብር ከዕቅዳቸው መራቃቸውን ያመለክታል።

ይሁንና ይህ ቁጥር ብቻውን በቂ አይደለም። ስኩዌር ምልክትን ስለሚያጠፋ ገንዘቡ ሳይሠራበት የቀረው የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ አይገልጽም። ምልክት የያዘው ልዩነት አቅጣጫን ያሳያል፤ ስኩዌሩ ደግሞ የርቀቱን መጠን ያሳያል። በመሆኑም ሪፖርት አዘጋጆች ሁለቱንም አጣምረው ቢያቀርቡ፣ ውሳኔ ሰጪ ኃላፊዎችም ዜሮ የሚል አማካይ ሲያጋጥማቸው ዝርዝሩን ቢጠይቁ፣ በአንዱ ፕሮጀክት ትርፍ ወጪ ምክንያት የሌላው ጉድለት ተሸፍኖ እንዳይቀር ያግዛል።