የትኛው ዓሣ? ሜርኩሪና የጎንደር ገበታ

ጎንደር ላይ ዓሣ ጉላሽ ያዘዘ ሰው ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚቀርብለት የሚነግረው የለም። ቀረሶ ሊሆን ይችላል፣ አምባዛም ነጭ ዓሣም ሊሆን ይችላል። ከጎርጎራ ወይም ከሌላ የጣና ዳርቻ የተነሣው ዓሣ ራሱና አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ከሆነ በኋላ ተመጋቢው ሊለየው አይችልም፤ ተከትፎ ከተጠበሰማ ያበሰለውም ሰው ይቸገራል። ሜርኩሪ በባሕር ዓሣ ውስጥ ተገኘ የሚለው ወሬ ከውጭ ሲመጣ ታዲያ በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት መልስ ብቻ ያገኛል። አንዱ «እንግዲያው ዓሣ ይቅርብን» ይላል፤ ሌላው «የእኛ የሐይቅ ዓሣ ነው፣ አይመለከተንም» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዓሣን ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ አድርገው ይቆጥሩታል። በሜርኩሪ ጉዳይ ግን ጉዳቱንም ደኅንነቱንም የሚወስኑት የዓሣው ዓይነት፣ መጠኑ፣ ሲበላ የኖረው ነገርና በመጨረሻ የሚበላው ሰው ማንነት ናቸው።

ሜርኩሪ፣ በድሮ ስሙ ባዜቃ፣ ውኃ ውስጥ እንደገባ ወዲያው አደገኛ አይሆንም። አደጋው የሚጀምረው በሐይቅና በባሕር ወለል ላይ ያሉ፣ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ሲለውጡት ነው። የተለወጠውን ሜርኩሪ ደቃቃ የውኃ እፅዋት ይቀበሉታል፣ እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት ይበሏቸዋል፣ እነዚህን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ መጠኑ ይጨምራል፤ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዓሣ እየበላ ብዙ ዓመት የኖረ ትልቅ ዓሣ፣ አልጌ እየለቀመ ካደገ ትንሽ ዓሣ ብዙ እጥፍ ሜርኩሪ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ውኃ ውስጥ የኖሩ ቢሆኑም እንኳ። ሚናማታ በምትባለው የጃፓን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ የመጣው አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕረ ሰላጤው ባፈሰሰው ሜርኩሪ ነው፤ እዚያ እናቶቻቸው እምብዛም ሳይታመሙ ልጆቻቸው የአንጎል ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ዛሬም በዋናነት የሚፈራው በፅንስ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

«የሐይቅ ዓሣ አይነካውም» የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው ማስረጃ ከውጭ መምጣት አላስፈለገውም። ዘሪሁን ደስታና የሥራ ባልደረቦቹ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት፣ ባርቦ የተባለው አንድ የዓሣ ዝርያ ብቻውን እንኳ የሜርኩሪ መጠኑ በአመጋገቡ ምክንያት በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ሐዋሳ ላይ ሜርኩሪ የሚለቅ የወርቅ ቁፋሮ የለም፤ ልዩነቱን የፈጠረው ዓሣው በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ያለው ስፍራ ነው። ዓመት ቆይቶ እነዚሁ ተመራማሪዎች ስለ አምባዛ ያወጡት ውጤት ደግሞ የሚገርም ነው፤ አምባዛ ሌላ ዓሣ የሚበላ ቢሆንም የተገኘበት ሜርኩሪ ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። (ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛን የማይበላ ሰው በአካባቢያችን ብዙ ነው። ከሃይማኖት የመጣ ጉዳይ ስለሆነ ከሜርኩሪ ጋር ባናገናኘው ይሻላል፤ ለማገናኘት ብንሞክርም ውጤቱ አይደግፈንም።) ጣና ላይ ይህ የአመጋገብ ልዩነት የበለጠ ክብደት አለው። በሐይቁ ከሚኖሩት 15 ትልልቅ ነጭ ዓሦች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይጠፋ የቀረበት ሌላ ሐይቅ አይታወቅም። ገበያው ግን 15ቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ቀረሶ በአብዛኛው አልጌ እየበላ የሚኖር በመሆኑ በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ተመራጭ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ፍርሃቱን ቦታ ያስይዘዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስቀመጠው ወሰን፣ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክብደት ኪሎ በሳምንት 1.6 ማይክሮ ግራም ሜቲል ሜርኩሪ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በሳምንት 96 ማይክሮ ግራም ማለት ነው። በኪሎው 0.5 ሚሊ ግራም ሜርኩሪ የያዘ ዓሣ ከሆነ 200 ግራም ያህል ስትበላ ወሰኗን ትደርሳለች፤ 0.05 ከሆነ ደግሞ ወደ ሁለት ኪሎ ድረስ ትበላለች። አሁን ይህን ሒሳብ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ወዳለው የቱና ጣሳ እናምጣው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመረመራቸው ናሙናዎች አማካይ ውጤት መሠረት ስኪፕጃክ የተባለው ትንሹ ቱና በኪሎ 0.13 ሚሊ ግራም ገደማ፣ አልባኮር የተባለው ትልቁ 0.35፣ ሰርዲን ደግሞ 0.01 ያህል ይይዛል። በጾም ቀናት ሥጋና ወተት የተወች፣ ዓሣ ግን የምትበላ ሴት በየቀኑ 120 ግራም ስኪፕጃክ ብትበላ በሳምንት ወሰኑን በጥቂቱ ታልፋለች፤ አልባኮር ከሆነ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሰርዲን ከሆነ ጭንቀት የለም። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትተን፣ ሐኪም የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛውን ጣሳ?» ነው።

«ዓሣ በልቶ በሜርኩሪ የታመመ ሰው አላየንም» ለሚለው መልሱ እንዲህ ነው፤ ከዓሣ የሚገኝ አነስተኛ መጠን ሰውን አይጥልም፣ አያስታውክም። የሚያመጣው ለውጥ በብዙ ሕፃናት ላይ በሚደረግ ልኬት እንጂ በአንድ ሰው ላይ በዓይን አይታይም። «በደንብ ከተጠበሰ ይጠፋል» የሚለው ደግሞ ስሕተት ነው። ሜቲል ሜርኩሪ ከዓሣው ሥጋ ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ዘይቱም ሎሚውም አያወጣውም፤ ማብሰል የሚገድለው ጀርሞችን ነው። ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ ሌላ ነው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ አሥር ሕፃናት አራቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ከዳባትና ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ ዓሣ በገበታ ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ሜርኩሪ ማውራት ሰውን ካለው ትንሽ ፕሮቲን ማራቅ አይሆንም ወይ? ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። ዓሣን ብዙ በሚበሉት በሲሼልስ እናቶችና ልጆች ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ክትትልም በልጆቹ እድገት ላይ ወጥ የሆነ ጉዳት አላገኘም፤ የዓሣው ቅባት የሚሰጠው ጥቅም ጉዳቱን ሊያካክስ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ያስባሉ። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሰጠው ምክር «ዓሣ ተዪ» ሳይሆን «ቀረሶ ብዪ፣ ዓሣ በል የሆነውን ትልቁን ነጭ ዓሣ አታዘውትሪ» መሆን አለበት። ዓሣ እየፈራች የቆዳ ማንጫ ቅባት ያለ ሥጋት የምትቀባ ካለች ደግሞ ፍርሃቷ ቦታውን ስቷል፤ በዓለም ገበያ ከሚሸጡት እንዲህ ያሉ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ተጨምሮባቸው የሚሠሩ ናቸው።

ሜርኩሪው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ሜርኩሪ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከባህላዊ ወርቅ ማምረት ነው፤ ወርቁን ከአፈሩ ለመለየት ባዜቃ ይቀላቅሉና በእሳት ያተኑታል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዚህ ሥራ ነባር አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ውኃ የያዘው የህዳሴ ግድብም እዚያው ነው። በካናዳና በሌሎች አገሮች እንደታየው አዲስ ግድብ አፈርና እፅዋትን ሲያጥለቀልቅ ባክቴሪያዎቹ ብዙ ምግብ ያገኛሉ፤ በዓሣው ውስጥ ያለው ሜርኩሪም ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ጎንደርም ራሷ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችልም። የከተማዋ ፍሳሽ በቀሃና በአንገረብ አድርጎ መገጭን ይቀላቀላል፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። የተሰበረ ቴርሞሜትርና የተጣለ የፍሎረሰንት አምፖል በዚያው መንገድ ሄዶ ተመልሶ ወደ ገበታችን የመምጣት ዕድል አለው።

እንግዲህ ሸማቹ ብቻውን ምን ያድርግ? የፊሌቶ ቁራጭ አይቶ ዝርያውን ሊለይ አይችልም፤ የዓሣ ሥጋ በሜርኩሪ ምክንያት ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። መረጃው መምጣት ያለበት ከሻጩና ከተቆጣጣሪው ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ደኅንነትን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷል፤ የሚጎድለው ይህን ሥልጣን የዓሣ ማራገፊያ ወደብ ድረስ መውሰድ ነው። ገንዘብ የለም የሚባል ከሆነ እያንዳንዱን ዓሣ መርምሩ ያለ የለም። ጎርጎራና ባሕር ዳር ላይ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ከየዝርያው ትንሽም ትልቅም ዓሣ ወስዶ ማስለካት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የማይቻል ሥራ አይደለም። ከዚያ በፊትም የሚቻል አለ፤ ዓሣ አስጋሪው ሐይቅ ላይ ቀረሶውን ከነጭ ዓሣው፣ ዓሣ በሉን ከሌላው እየለየ ያውቀዋል። ያ እውቀት በካርቶንና በበረዶ ሳጥን ላይ ተጽፎ ከዓሣው ጋር ጎንደር ድረስ ቢመጣ፣ የምግብ ቤት ዝርዝር ላይም «ዓሣ» ከሚለው ይልቅ «የቀረሶ ጉላሽ» ቢል ወጪው የእስክሪብቶ ቀለም ነው።