«ዲናሞው ተቃጥሏል»፦ የወፍጮ ቤት ተረትና እውነታ

ወፍጮ ቤት ውስጥ ከምርመራ በፊት የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ፦ «ዲናሞው ተቃጥሏል»። ድንጋዩ ቆመ፣ የሆነ ነገር ሸተተ፣ ወረፋ የያዘው አስፈጪ አጉረመረመ፤ በቃ፣ ይፈታ ይባላል። መንዝና ግሼ ውስጥ ባለችው ራቤል ከተማ ይህ ፍርድ ውድ ነው። የተፈታው ዲናሞ መኪና ላይ ተጭኖ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አድርጎ ጣርማ በር ላይ ዋናውን መንገድ ይይዛል፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ካለ ዲናሞ ጠቅላይ ዘንድ ይደርሳል። እስኪመለስ የግሼ ገብስ በአህያ ጀርባ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳል። ዲናሞው በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ወጪው ወጪ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ሌላ ነገር ነው፤ ዲናሞውም ቢሞት ገዳዩ ውጭ ቀርቶ አዲሱን ይጠብቃል።

«ጉም ጉም ይላል እንጂ አይነሳም» የሚለውን እንውሰድ። የወፍጮ ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ፌዝ ነው፤ በሁለት መስመር መካከል 380 ቮልት ይፈልጋል። ከሦስቱ መስመር አንዱ ከቀረ፣ ማለትም ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ከወረደ ወይም ኮንታክተሩ ውስጥ አንዷ ነጥብ ተበልታ ካለቀች፣ የቆመ ዲናሞ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይዞርም። በዚያች ሰዓት ዲናሞው ጤነኛ ነው። የሚገድለው «እስኪ ደግሞ» እያለ ማብሪያውን የሚደጋግም እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው መስመሩ ነው፦ ዲናሞው ተነጥሎ፣ ሙያተኛ በቴስተር አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው ይለካል። ሦስቱም ልክ ከሆኑ መብራቱ ይጠፋና ቺንጊያው ይወልቃል፤ ከዚያ የዲናሞው ዘንግ በእጅ ይዞራል። ከተንገጫገጨ ወይም ከተያዘ ኩሽኔታው አልቋል። ዘንጉ እንደ ልብ ዞሮ፣ መብራት ሲለቀቅለትም ያለ ቺንጊያ ከተነሳ ደግሞ የታመመው ወፍጮው ራሱ ነው፤ ድንጋዩ ተጠብቆ ወይም እህል ቆልፎት ይሆናል።

በሥራ ላይ እያለ አንድ ፌዝ የሚጠፋበት ዲናሞ ዕጣው ይከፋል። መዞሩን ስለማያቆም ማንም ልብ አይለውም። ጭነቱን በቀሩት ሁለት መስመሮች ብቻ ይሸከማል፤ በእነሱ የሚያልፈው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል፤ ጠባቂ ከሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል። ይህን ሞት ከሌላ ሞት መለየት ይቻላል፣ ነገሩ የሚጥመኝም እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የመዳቡ ጥቅል ዙሪያውን እኩል ጠቁሮ ከሆነ ጭነት በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል። በስታር የታሰረ ዲናሞ ሁለት ሦስተኛው ከሰል መስሎ አንድ ሦስተኛው እንደ አዲስ ካብለጨለጨ ፌዝ ጠፍቶበታል። በዴልታ ከታሰረ ግልባጩ ነው፤ አንዱ እጅ ይጠቁራል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተበሳ ወይም የቀለጠ ከሆነ ደግሞ የሽቦው ሽፋን እዚያ ተልጧል ማለት ነው። እኔ ብሆን ጠቅላዩ አሮጌውን ሽቦ ቆርጦ ከመጣሉ በፊት በስልክ ፎቶ እንዲያነሳልኝ እለምነዋለሁ። ያ ፎቶ ከሌለ አዲሱ ጥቅል ወደዚያው መስመር ተመልሶ በዚያው መንገድ ይቃጠላል።

«ቫልቮላው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ወፈር ያለ ሽቦ አድርግበት» የሚለው ምክር ብዙ ዲናሞ ጨርሷል። ከምክሩ ጀርባ እውነት የሚመስል ነገር አለ፦ ዲናሞ ሲነሳ ከመደበኛው 6 እና 7 እጥፍ ከረንት ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት ቀጭን ቫልቮላ፣ ማለትም ፊውዝ፣ ይበጠሳል። ነገር ግን ፊውዝ ዋና ሥራው መስመር ሲነካካ መቁረጥ ነው፤ ቀስ እያለ የሚግል ዲናሞን አይጠብቅም። ያን የሚጠብቀው ኮንታክተሩ ሥር የሚቀመጠው ኦቨርሎድ ነው። ኦቨርሎዱ በዲናሞው ታርጋ ላይ በተጻፈው አምፔር ይሞላል። «እንዳያስቸግር» ተብሎ እስከ መጨረሻው የተጠመዘዘ ኦቨርሎድ ከሌለው አይሻልም።

የተጠቀለለ ዲናሞ ግማሽ ዕድሜው ያለቀ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ጠቅላዩን የሚመለከት ሐሜት እንጂ የዲናሞ ጠባይ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካና የእንግሊዝ የሞተር ጥገና ማኅበራት የጋራ ጥናት በሥርዓት የተጠቀለለ ሞተር ብቃቱን እንደሚጠብቅ በሙከራ አሳይቷል። የሚያበላሸው አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ዲናሞውን ክፍት እሳት ላይ መጣል ነው። ሽቦው የሚቀመጥበት ብረት እርስ በርሱ በስስ ሽፋን የተለያየ ቅጠል ቅጠል ነው፤ ከልክ በላይ ሲግል ሽፋኑ ያልቅና ብረቱ ራሱ ማሞቂያ ይሆናል። ሁለተኛው በደል ቀጭን ሽቦ መጠቀም ወይም ዙር መቀነስ ነው፤ ሦስተኛው ቫርኒሹን ሳያደርቁ መግጠም።

አሁን ወደ ግዢው። ዲናሞ ሊቀይር የተነሳ ሰው «ከነበረው ከፍ ያለ ፈረስ ጉልበት ልውሰድ፣ ይፈጭልኛል» ይላል። አይፈጭለትም። ድንጋዩ የሚዞርበትን ፍጥነት የሚወስኑት የመስመሩ 50 ሄርዝ፣ የዲናሞው ዋልታ ብዛትና የሁለቱ ፑሌጃዎች ስፋት ናቸው። ትልቁ ዲናሞ በዚያው ፍጥነት ይዞራል፤ ሲነሳ ግን የመንደሩን አምፖል ያደበዝዛል። ከጉልበቱ ይልቅ መታየት ያለበት በታርጋው ላይ ያለው የዙር ቁጥር ነው። 1450 ገደማ ያለው ባለ 4 ዋልታ ዲናሞ ወጥቶ በዚያው ፑሌጃ 2900 ያለው ባለ 2 ዋልታ ቢገባ ድንጋዩ በእጥፍ ይሮጣል። በእጥፍ የሚሮጥ ድንጋይ በአራት እጥፍ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባል፤ ሊፈነዳ ይችላል፣ አጠገቡ ደግሞ ሰው አለ። አዲሱ ዲናሞ ወደ ኋላ ከዞረ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ መብራቱ ተቋርጦ ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን ማለዋወጥ ብቻ ነው።

ስለ ደጋ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፣ እርስ በርሱም ይጣላል። አንዱ ወገን ናፍጣ ሞተር መንዝ ላይ እንደሚደክም አይቷልና ዲናሞም ይደክማል ይላል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ናፍጣ የሚነድበት አየር ያጥረዋል። ዲናሞ ግን የሚያነደው ነገር የለውም። ሌላው ወገን ብርድ ስለሆነ ዲናሞ አይግልም ይላል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ነው ፋብሪካዎች በታርጋው ላይ ለተጻፈው ጉልበት ዋስ የሚሆኑት እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ብቻ የሆነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ኤፍ የሚል የመሸፈኛ ክፍል የተጻፈበት ዲናሞ በ3000 ሜትር ያን ጉልበት ሙሉ እንዲሰጥ የአካባቢው ሙቀት ወደ 19 ዲግሪ መውረድ አለበት። የመንዝ ብርድ ይህን በነፃ ይሰጣል። ችግሩ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነው፦ ቆርቆሮ ጣራ፣ የተዘጋ መስኮት፣ በዲናሞው ክንፎች መሐል የተጋገረ ዱቄት። ዱቄቱ በደረቅ ብሩሽ ካልተጠረገ የውጪው ብርድ ለዲናሞው አይደርሰውም። ሽፋኑ ከተወሰነለት በላይ በየ10 ዲግሪው ሲግል ዕድሜው በግማሽ እየተቆረጠ ይሄዳል።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር ስለሚመጣው የልብስ ማድረቂያ ማሽንም አንድ ነገር ልበል፤ የመንዝ ንፋስ የማድረቂያ ገበያ ባይተውም አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው አይጠፋም። «ትራንስፎርመር ካደረግህበት እንደ አገሩ ይሠራል» ይባላል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ማድረቂያ በብዛት ማሞቂያው በ240፣ ሞተሩ በ120 ቮልት ነው፤ ሞተሩ በቀጥታ የኛን 220 ካገኘ ይነዳል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል፤ 60 ሄርዝ የለመደው ሞተር ግን አሁንም 50 ነው የሚያገኘው። በደቂቃ 1725 ይዞር የነበረው ወደ 1425 ይወርዳል፤ ከበሮውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ልብሱ ይዘገያል። 110 ቮልት ላይ ብረቱ ከተሠራበት በላይ መግነጢስ ይሸከማልና ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ 100 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ይሻለዋል።

እንዲህ ያለው ማሽን ትንሽ ሠርቶ ቆሞ፣ ሲበርድ እንደገና ከተነሳ ሞተሩ አልተቃጠለም። ውስጡ ያለው የሙቀት ማቋረጫ ቆርጦ እየመለሰ ነው። የአየር መውጫው በልብስ ብናኝ ተደፍኖ ይሆናል፣ የከበሮው መሽከርከሪያ ጎማ ተበልቶ ይሆናል፤ እነዚያ ይታዩ። ሞተሩን መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ ታርጋው 220 ቮልትና 50 ሄርዝ የሚል ይፈለግ። የዘንጉ ውፍረትና የዙሩ አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር ተለክቶ ይገዛ፤ ከ60 ወደ 50 ሄርዝ የወረደው ዙር እንዲመለስ የሞተሩ ፑሌጃ ግን ከአሮጌው በአንድ አምስተኛ ገደማ መስፋት ይኖርበታል።