ክትባቱ በቅሎ ይሆን?

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በምዕራብ ዓባያ ሲያልፍ በግራው የዓባያን ሐይቅ፣ በቀኙ የጋሞን ተራሮች ያያል። ቆላው የበቆሎ፣ የሙዝና የሺፈራው አገር ነው፤ ደጋው ደግሞ የእንሰት፣ የገብስና የስንዴ ነው። ስለ ጉበት በሽታ ክትባት ለመጻፍ ተነሥተን በሰብል መጀመራችን አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ።

ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን፤ ወፍ ግን በዚህ ነገር የለችበትም። ብዙ ሰው ምልክት ሳይታይበት ለዓመታት ተሸክሞት ይኖርና በመጨረሻ ጉበቱ ይጠጥራል፤ አለዚያም ነቀርሳ ያበቅላል። መከላከያው ክትባት ነው። በአገራችን ይህ ክትባት ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተጣምሮ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት የተወለደ ወጣት ሠራተኛ በሕፃንነቴ ተከትቤአለሁ ብሎ መተማመን አይገባውም።

ይሁን እንጂ መከተብ ብቻውን የማይበቃቸው ሰዎች አሉ። ሴሊያክ የተባለ በሽታ ያለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ይጎዳል። ተቅማጡ፣ ክሳቱና የደም ማነሱ ከአንጀት ትል ወይም ከምግብ እጥረት ጋር ስለሚመሳሰል በሽታው በቀላሉ ይታለፋል። እንዲህ ካሉ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ሦስቱንም መርፌ ወስደው ሰውነታቸው መከላከያ ሳያበቅል ይቀራል። ሊቃውንት አንዱን ምክንያት ከዘር በወረሱት ጠባይ፣ ሌላውንም በሚበሉት ግሉተን ያመካኙታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የታተመ የሀንጋሪ ሐኪሞች ጥናት፣ ግሉተን ትተው እንደገና ከተከተቡት ልጆች አብዛኞቹ መከላከያውን እንዳገኙ አመልክቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሴሊያክ እንዳለበት የታወቀ ሰው የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ደሙን ያስመርምር፤ መከላከያው ከ10 መለኪያ በታች ከሆነ አመጋገቡን አስተካክሎ ስለ ድጋሚ ክትባት ሐኪሙን ያማክር። በሽታውን የሚጠራጠር ግን ሳይመረመር ከስንዴና ከገብስ አይራቅ፤ ምርመራውን ያሳስታልና። ምግቡስ ከየት ይመጣል ቢባል፣ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ቆጮውና ሙዙ ግሉተን የለባቸውም። ለምዕራብ ዓባያ ቆለኛ ነገሩ ቀላል ነው፤ ገብስ ለለመደው ደገኛ ግን ይከብዳል። ጤፉም ቢሆን ገብስ ወይም ስንዴ ከተቀላቀለበት ዋጋ የለውም።

በየጤና ጣቢያው የምትመደቡ ወጣቶች ይህን ብታስቡበት እንወዳለን። ገበሬ ዘርቶ ሲያበቃ ቤቱ አይቀመጥም፤ ቡቃያው መውጣቱን ሄዶ ያያል። በመዝገብ ላይ «ተከትቧል» ብሎ መጻፍ መዝራት ነው፤ መብቀሉን ማየትም የሥራው ክፍል ነው።