መሬት የማይነካ ግንባር፤ ታማኝነትና የራስ ፈቃድ በአንድ የጃፓን ልቦለድ

ሰውን ከሚኖርበት ዓለም ነቅሎ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግረው የጃፓን ምናባዊ ልቦለድ፣ ማለትም ኢሴካይ፣ ኃያላን ገጸባሕርያቱን ብዙ ጊዜ ለአንድ ጌታ ያስገዛል። ይህ ታማኝነት ከፈቃድ ይመነጫል ወይስ ከተፈጥሮ? ለዚህ ጥያቄ የመረጥሁት ፉዩሚ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ማሳተም የጀመሩትን «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» የተሰኘ ተከታታይ ሥራ ነው።

በዚያ ዓለም ንጉሥን በሰማይ ፈቃድ የሚመርጠው ኪሪን የሚባል ፍጡር ነው። ኪሪን አጋንንትን ያዝዛል፤ ከመረጠው ንጉሥ በቀር ግን ለማንም መስገድ አይችልም። ንጉሡ ከቀና መንገድ ሲወጣ ታሞ የሚሞተውም እርሱ ነው።

በ1993ቱ መጽሐፍ፣ በጃፓን ተወልዶ ያደገው ልጅ፣ ታይኪ፣ ጂዮሶ ለተባለ የጦር አለቃ ሰግዶ ያነግሠዋል። ይሁን እንጂ የሰማይ ምልክት የታየው አይመስለውም። ከሰውየው ላለመለየት ሲል የዋሸ ይመስለውና በጸጸት ይብሰለሰላል። በኋላ ለሌላ ንጉሥ እንዲሰግድ ይታዘዛል። ይንበረከካል፣ ይታገላል፤ ግንባሩ መሬት አልነካ ይላል። ምርጫው እውነተኛ እንደነበረ የሚረጋገጠው እንግዲህ በዚህ ነው።

ትዕይንቱን እንደ መጽናኛ ብቻ ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን እንዲያ አላነበውም። ታይኪ የራሴ ነው ብሎ የሚያምነው ብቸኛ ድርጊት ያ ውሸት ነበር፤ ከጸጸት ሲገላገል እርሱንም ያጣል። መዋሸት የማይችል ፍጡር ታማኝ ሊባል ይችላልን?

ደራሲዋ ጉዳዩን የተዉት አይመስለኝም። በ1994ቱ መጽሐፍ ንግሥት ዮኮ በመጀመሪያ አዋጇ፣ ከሥነ ሥርዓት በስተቀር፣ ሰው በሰው ፊት በግንባሩ መደፋቱን ትሽራለች። አዋጁ ሰዎችን ቀና ያደርጋል፤ የራሷን ኪሪን ተፈጥሮ ግን ሊሽር አይችልም።