ድምፅን በነጥብ የሚመዝን መኪና፤ በዜማ ጨዋታ ከፍ ያለ ነጥብ ስለ ማግኘት

የቪዲዮ ጌም በኮሌጅ የምርምር መጽሔት ውስጥ ምን ቦታ አለው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔንም ወደዚህ ነገር የሳበኝ ጨዋታው ሳይሆን አንድ ማታ ሚዛን ተፈሪ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ከቤንች አገር የመጣ የክፍል ጓደኛ አለኝ፤ ሲዘፍን በደጅ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያዳምጠዋል። እኔ ግን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመዘምራን በስተኋላ የምቆም፣ «አንተ ዝቅ አድርገህ ዘምር» እባል የነበርሁ ሰው ነኝ። ሁለታችን በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን አንዱን ዘፈን ተራ በተራ ዘፈንነው። መኪናው ለእኔ ብዙ ነጥብ፣ ለእርሱ ጥቂት ሰጠ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እርሱ ግን አልሣቀም። «ለመሆኑ ምን ሰምቶ ነው?» አለ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልናገር። የሙዚቃው አጀብ ተቀድቶ ሰው ድምፁን ብቻ የሚጨምርበት ካራኦኬ የተባለው ልማድ፣ ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሙዚቀኛ በ1971 በቆቤ ከተማ ካቀረበው መሣሪያ ጋራ ስሙ ይነሣል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያ መሣሪያ አጀቡን ያሰማል እንጂ ዘፋኙን አይፈርድበትም ነበር። በ2003 ካራኦኬ ሬቮሉሽን፣ በ2004 የሶኒ ኩባንያ ሲንግስታር፣ በ2007 ደግሞ ሮክ ባንድ የተባሉት ጨዋታዎች ወጡና ፈራጁ መኪናው ሆነ። እኛ የምንጫወተው በሲንግስታር አምሳል በበጎ ፈቃደኞች የተሠራውን ኡልትራስታር ዴሉክስ ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ደግሞም የፈለገ ሰው የራሱን ዘፈን ጽፎ ሊያስገባበት ይችላል። ይህ ሁለተኛው ጠባዩ በኋላ እንደሚታየው ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነው።

አሁን መኪናው እንዴት እንደሚሰማ እንመልከት። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በሰከንድ የሚረገበገብበት ቍጥር ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚረገበገብ ድምፅና 880 ጊዜ የሚረገበገብ ድምፅ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ቢሆንም ለጆሮ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል። አውሮፓውያን ኦክታቭን በ12 እኩል ደረጃ ይከፍሉታል። እያንዳንዱ ደረጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል፤ ከቀደመውም በመቶ 6 ያህል ይበልጣል፤ ከ440 ቀጥሎ ያለው 466 ነው። መኪናው ከማይክሮፎኑ የአንድ ቅጽበት ድምፅ ቈርጦ ይወስድና ማዕበሉን በራሱ ላይ እያንሸራተተ ያስተያየዋል። ሁለቱ ገጥመው የሚተኙበት ርቀት የአንዱ መርገብገብ ርዝመት ነው፤ ከዚያም ቍጥሩን ያሰላል። ያገኘውንም ከ12ቱ ደረጃዎች በጣም ወደሚቀርበው ያጠጋጋዋል፤ ኦክታቩን ይተወዋል፤ በመጨረሻም በዘፈኑ ፋይል ከተጻፈው ቍጥር ጋራ ያመሳክረዋል። ሌላ የሚያደርገው የለም። ቃሉን አይሰማም። ድምፁ ያማረ ይሁን የሻከረ አያውቅም። ጩኸትም ቢሆን ለመሰማት ከሚበቃው በላይ ምንም አይጨምርም።

የዘፈኑ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና በስንተኛው ግማሽ ድምፅ እንደሚዘፈን በቍጥር ተጽፏል። ጠቅላላው ነጥብ 10,000 ነው። ከዚህ 9,000ው እንደየርዝመታቸው ለድምፆቹ ይከፋፈላል፤ ወርቃማ የሚባሉት ድምፆች እጥፍ ይቈጠራሉ። የቀረው 1,000 እያንዳንዱ ስንኝ ምን ያህል ተሟልቶ እንደ ተዘፈነ ታይቶ የሚሰጥ ነው። በቀላሉ ደረጃ ሁለት ግማሽ ድምፅ፣ በመካከለኛው አንድ ግማሽ ድምፅ ብንስት ይታለፍልናል፤ በከባዱ ግን ምሕረት የለም።

ይህን ያወቀ ሰው ነጥቡን እንዴት እንደሚያበዛ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። መኪናው የሚሰማው የሚረገበገበውን ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ሰ፣ ፈ፣ ከ፣ ጠ፣ ቀ ያሉት ፊደሎች ለእርሱ ዝምታ ናቸው። በዘፈኖቻችን ዘወትር የሚገኘውን «ናፍቆት» የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ ፍ፣ ቅ እና ት ሦስቱም ነጥብ አያስገኙም። በስሜት ቅ ላይ ረግጦ የሚቆይ ዘፋኝ በቆየበት መጠን ይከስራል። ስለዚህ ፊደሉን ነካ አድርጎ አልፎ አናባቢውን መሳብ ይበጃል። ከዚህም የባሰ ብልጠት አለ፤ ቃሉን ጨርሶ ትቶ ዜማውን በ«ኡ» ብቻ ማንጐራጐር። ይህን ማጭበርበር የሚሉት አሉ። እኔ ግን ዳኛው የማይሰማውን ነገር ተከራካሪው ባያቀርብ ጥፋተኛ አይመስለኝም፤ ብቻ ለአድማጭ አሰልቺ መሆኑን አምናለሁ።

ከታች ተነሥቶ ወደ ድምፁ መውጣት ያስከስራል፤ በቀጥታ ገብቶ መያዝ ያስፈልጋል። ድምፅን ማርገፍገፍም እንዲሁ ነው። ከአቅም በላይ ለቀጠነ ቦታ ጕሮሮን ከማስጨነቅ ወደ ታችኛው ኦክታቭ መውረድ አያስቀጣም። ረጅሙ ድምፅ ብዙ ነጥብ ስላለው፣ ትንፋሽ ሲያጥር ከአጭሩ መስረቅ እንጂ ከረጅሙ አይደለም። ድምፆቹ ሁሉ ዘግይተው ከታዩ ጥፋቱ የጕሮሮ ሳይሆን የኮምፒዩተሩ ነው፤ የማይክሮፎኑን መዘግየት ማረም ይገባል። አጀቡን በጆሮ ማዳመጫ መስማትም መኪናው የራሱን ሙዚቃ ከእኛ ድምፅ ጋራ እንዳይቀላቅል ይረዳል። ለእኛ አገር ደግሞ አንድ ልዩ ምክር አለ። በሚዛንና በቴፒ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲመታው ማይክሮፎኑ ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ የመስሚያውን ወለል ከፍ አድርጎ ወደ ማይክሮፎኑ መጠጋት፣ ካልሆነም ዝናቡ እስኪያባራ ቡና መጠጣት ነው። (መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን አንባቢ ያውቀዋል።)

በሮክ ባንድ ሒሳቡ ይለያል። በዚያ ስንኞችን ሳያበላሹ ሲያከታትሉ ነጥቡ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል፤ የተጠራቀመውን ኃይል ሲለቁት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ስንኝ እጅግ ከማሳመር ሰንሰለቱን አለመበጠስ ይሻላል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከኪቦርድ ጋራ ስለ ዘመርሁ ጆሮዬ የተቀረጸው በእነዚያው 12 ደረጃዎች ነው፤ ነጥቡን ያገኘሁት ስለ ዘፈንሁ ሳይሆን ከመኪናው ጋራ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ ነው ማለት ይቻላል። የአገራችን ዘፈን የቆመባቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ግን እያንዳንዳቸው በኦክታቭ ውስጥ አምስት ድምፅ ሲኖራቸው፣ ክራሩም መሰንቆውም የሚቃኘው በጆሮ እንጂ በእኩል ክፍፍል አይደለም። ትዝታ ለኪቦርድ ይቀርባል፤ አንቺሆዬ ግን ይርቃል። በ440 እና በ466 መካከል ድንበሩ 453 ገደማ ላይ ነው። አንድ ሰው በ450 ቢዘፍን መኪናው ወደ ታች፣ በ456 ቢዘፍን ወደ ላይ ያጠጋጋዋል፤ በከባዱ ደረጃ አንዱ ሙሉ ነጥብ ሌላው ባዶ ነው። በዚህ ላይ ቅላጼ አለ። ጓደኛዬ በአንዲት የቃል ክፍል ላይ ሦስት አራት ድምፅ ያልፋል፤ ፋይሉ ለዚያች ክፍል አንድ ቍጥር ብቻ ጽፏል። ስለዚህ የሚከፈለው በመንገዱ ያቺን ቍጥር ለነካበት ቅጽበት ብቻ ነው። በኮሪደር ሰውን የሚያስቆመው ነገር በመኪናው ዘንድ ስሕተት ሆኖ ይመዘገባል።

ዜማን የመጻፍ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል። አንዱ ምልክት ግን አንድ ድምፅ አይደለም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ የቀሰመውን ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። የኡልትራስታር ፋይል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከማንም ላልተማረ መኪና የሚጻፍ ስለ ሆነ ሁሉን ቈጥሮ መንገር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። «መኪናው ቃል አይሰማም፤ ቅጥነትና ውፍረት ብቻ ይሰማል» ብዬ ስነግረው ጓደኛዬ «በእኛ ቋንቋ እኮ ቅጥነቱም ቃል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ክላውስ ቬደኪንድ በ1983 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ቤንችኛ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቋንቋው አምስት የተለያዩ የድምፅ እርከኖችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ እንዳለው አሳይቷል። አንዱ የቃል ክፍል በሌላ እርከን ሲነገር ሌላ ቃል ይሆናል። የጎረቤቱ የሸኮ ቋንቋም አራት እርከኖች እንዳሉት አን-ክሪስቲ ሄለንታል በ2010 ባቀረበችው የሰዋስው ጥናት ይገኛል። ቤንችኛ በፉጨት፣ በአምስት አውታር ክራርም ጭምር ሊነገር የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የቤንችኛ ዘፋኝ ዜማውንና የቃሉን እርከን በአንድ ጕሮሮ ሲያስታርቅ ዜማው አንዳንድ ቦታ ቢጠመዘዝ ምን ያስደንቃል? እርከኖቹ ደግሞ የተወሰነ ቍጥር የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው በላይ ወይም በታች ነው ከማለት በቀር 440 ወይም 466 አይባሉም። የወፍራም ድምፅ ባለቤት ላይኛው እርከን ከቀጭን ድምፅ ባለቤት ታችኛው በታች ሊውል ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ፋይሉን ራሳችን መጻፍ ነው። ጓደኛዬ የአገሩን አንድ ዘፈን ዘፈነ፤ እኔ እየደጋገምሁ እየሰማሁ ቍጥሮቹን ጻፍሁ። ለሁለት ደቂቃ ዘፈን አራት ማታ ፈጀብን። ቅላጼውን ወደ አጫጭር ድምፆች ከፈልነው፤ አንዲት የቃል ክፍል በብዙ ድምፅ ላይ ስትሳብ ፋይሉ ይህን የሚያሳይ ምልክት አለው። በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚንሳፈፈውን «ነጻ» ብለን ጻፍነው፤ በዚያ ቦታ መኪናው አይቈጥርም። ተራ በተራ ስንዘፍን እርሱ በብዙ በለጠኝ፤ ክፍሉም እንደገና ሣቀ፣ በዚህ ጊዜ በእኔ። ነገር ግን በማግስቱ ሲደግመው ነጥቡ ወረደ። ፋይሉን ከፍተን ብንመለከት ስሕተት አላገኘንበትም። እርሱ ነው ቅላጼውን የለወጠው። «ትላንት የዘፈንሁትን ዛሬ ለምን እደግመዋለሁ?» አለ።

አሁን የተለወጡትን ስፍራዎች አንድ በአንድ እያየን ነው። እኔ ሁሉም «ነጻ» ይባሉ እላለሁ። እርሱ ግን እንዲህ ከሆነ ዘፈኑ ውስጥ የሚቈጠር አይቀርም ይላል፤ ሁለቱን ብቻ ፈቅዶልኛል።