«ማን አይቶት ነው?» ለሚሉ ልጆች

ስለ ኤሌክትሮን ሳስረዳ ከልጆቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «ጋሼ፣ ማን አይቶት ነው?» ጥያቄው ልክ ነው፤ በቃል ብቻ መመለስ ልጁን ማሳነስ ይመስለኛል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። መልሴ የደመና ሳጥን ነው።

ዕቃው ውድ አይደለም። ትንሽ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ይደፋል። ወደ ላይ በዞረው ወለሉ ከውስጥ በኩል ስፖንጅ ይለጠፍና በአይሶፕሮፒል አልኮል ይርሳል። አልኮሉ 99 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ይበዛበታል። ገንዳው የሚደፋው ጥቁር በተቀባ ብረት ላይ ነው፤ ዙሪያው በናስትሮ ይታሸጋል። ከብረቱ ሥር ድራይ አይስ ይነጠፋል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው። እዚህ አገር በብዙ ሱፐርማርኬት ይገኛል።

ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። አልኮሉ ከላይ ተንኖ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይወርዳል። ከብረቱ በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ እንፋሎቱ ጠብታ ለመሆን ደርሷል፤ የሚሰበሰብበት ነገር ግን አጥቷል። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት በዚያ ሲያልፍ ከአየሩ አቶሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይሄዳል፤ ጠብታዎቹም በተነጠቁት አቶሞች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ጄት ሰማይ ላይ ነጭ መስመር ትቶ እንደሚሄድ ማለት ነው፤ ቅንጣቱ ራሱ አይታይም፣ ዱካው ይታያል።

ብርሃኑን አትናቁት። ክፍሉ ይጨልም፤ የእጅ ባትሪው ከጎን፣ ወደ ብረቱ ዝቅ ብሎ ይብራ። ከላይ ካበሩት ዱካው እያለ ዓይን አያየውም። ልጆች «አልሠራም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ፣ ባትሪውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ሲበቃ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አጭርና ወፍራም ዱካ የአልፋ ቅንጣት ነው፤ አየር ውስጥ ካለው ሬዶን ጋዝ ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ይቆማል። ቀጭንና የተጠማዘዘው የኤሌክትሮን ነው። ረዥምና ቀጥ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሙዮን ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች አየሩን ሲመቱ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይወለዳል። አማካይ ዕድሜው የሰከንድ 2.2 ሚሊዮንኛ ብቻ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ በዚህ ዕድሜ 660 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ታዲያ እንዴት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ? አንስታይን እንዳስተማረው፣ እጅግ ለሚፈጥን ነገር ጊዜ ከእኛ አንጻር ቀስ ብሎ ስለሚሄድለት ነው። በተዘረጋ መዳፍ ውስጥ በየሰከንዱ አንድ ያህል ሙዮን ያልፋል።

ሳጥኑን ያሰበው ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ዊልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ቤን ኔቪስ ተራራ ላይ በነበረው የአየር ጠባይ መመልከቻ ሳለ ፀሐይ ከደመና ጋር የምትሠራው ቀለም ማረከው፤ ያንን በቤተ ሙከራ ለመድገም ሲል ደመና መሥራት ጀመረ። በ1911 የቅንጣት ዱካ ፎቶ አነሣ፤ በ1927 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1932 ካርል አንደርሰን የኤሌክትሮንን ተቃራኒ ቅንጣት፣ ፖዚትሮንን፣ ያገኘው በዚሁ ዓይነት ሳጥን ነው፤ በ1936 ከሴዝ ኔደርሜየር ጋር ሙዮንን ያገኘውም እንዲሁ። ሳጥኑ ከደመና ውበት ተነሥቶ እዚህ መድረሱ ሁሌም ይደንቀኛል።

ጥንቃቄውን ለአዋቂ ተዉት። ድራይ አይስ በባዶ እጅ አይነካም፣ በተከደነ ዕቃ አይቀመጥም፤ መስኮት ይከፈት፤ አልኮሉ አጠገብ እሳት አይኑር።

አገር ቤት ላላችሁ መምህራን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የጠፈር ጨረሩም ይበዛልና ከእኔ ጠረጴዛ የበለጠ ዱካ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ድራይ አይስ ከተገኘ አንዱን ክፍል አጨልሙና ልጆቹን ሰብስቧቸው።